ድንጋይ የተሸከመ ሁሉ

የግሼ ሰው ሠርግ ቢያመልጠው ያዝናል፤ ችሎት ቢያመልጠው ግን ይታመማል። አዲሱ የወንጀል ሕግ በወጣ ማግስት፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ተዘዋዋሪ ችሎት በወረዳው ከተማ በራቤል ሊያስችል ነው በተባለበት ጠዋት፣ ገበያተኛው በጉን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ በርኖሱን ደርቦ፣ በወረዳው የስብሰባ አዳራሽ ደጃፍ ተኮልኩሎ ነበር። አንዱ ክሱን ያስረዳል፤ ሌላው ይፈርዳል፤ ሦስተኛው እዚያው ይግባኝ ይላል። ዳኞቹ ገና ከመኪና አልወረዱም።

እስከዳር ይህን ሁሉ ሰው ስታይ መጀመሪያ ልትመለስ ቃጣት፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አላት። ተከላካይ ጠበቃ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ከአለቃዋ ጎን ተቀምጣ ስታዳምጥ ነው የኖረችው። ዛሬ አለቃዋ የለም። ደጋ አገር፣ ቀየት ተወልዳ ያደገች ስለሆነች የደጋው ብርድም ሆነ የደጋው ሰው አንደበት አዲስ አይሆንባትም። ቢሆንም ጥቁር ካባዋን ልትደርብ ስትል እጅጌውን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

ደንበኛዋን ያገኘችው ከአዳራሹ ጀርባ በፖሊስ ተጠብቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ ነው። ይታየው ይባላል። ገብስ አራሽ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር በሆዱ የማይቆይ የሚመስል ሰው። የተከሰሰው የጎረቤቱን የዳኜን የገብስ ክምር አቃጥለሃል ተብሎ ነው። በታኅሣሥ፣ እህሉ ታጭዶ ተከምሮ ገና ሳይወቃ፣ የዳኜ የዓመት ልፋት ባንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ሁለቱ በድንበር ሲናቆሩ እንደኖሩ አገር ያውቃል። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን የእስከዳር ሥራ ቀላል ነበር፤ ጠብ ያለው ሁሉ ክብሪት ጫሪ አይደለማ! ክፉው ነገር የመጣው በማግስቱ ነው። ይታየው ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሽማግሌና ቄስ አጅበውት ሄደና ዳኜ ደጅ ወድቆ «ስለ እግዚአብሔር ማረኝ!» አለ። ዳኜም አገር እያየ ማረው። ፖሊስ ግን አልማረውም።

«ወንድም ይታየው፣» አለችው እስከዳር አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ «ካላቃጠልክ ለምን ተሸከምከው?»

«አልነግርሽም።»

«ጠበቃህ ነኝ እኮ!»

«ብትሆኚስ? ዕርቁ ሲያልቅ ቄስ ገብረየሱስ ገዝተውናል። ‹ነገሩን ያነሳ ውጉዝ ከመ አርዮስ› ብለዋል። ላንድ ችሎት ብዬ ነፍሴን ላስኮንን?» ከዚያም መሬት መሬት እያየ፣ «ሽማግሌ ሲያዝ ይታዘዛል፤ ሌላ ምን ልበልሽ፤» አለ።

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እስከዳር ለቅማ ያዘቻት።

«እሺ። እንግዲያው ዛሬ የምትሠራልኝ አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ዝም ትላለህ።»

«ዝም? ዝም ያለማ አመነ ማለት ነው! ንጹሕ ሰው ተነስቶ ይናገራል፤ በታቦት ይምላል!»

«እሱ በዱሮው ደንብ ነው። በዚህኛው ሕግ የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው። አቃቤ ሕጉ እስኪያስረዳብህ ድረስ ንጹሕ ነህ ተብለህ ትገመታለህ። ዝምታህም አይቆጠርብህም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

«ንጹሕ ነው ተብዬ የምገመት ከሆነ፣» አለ ይታየው ዓይኑን አፍጥጦ፣ «ወህኒ ምን እሠራለሁ?»

ይህን እስከዳርም ዩኒቨርሲቲ ሳለች ጠይቃ ደህና መልስ የሰጣት አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ የቆመችው ሚስቱ ጥሩሸዋ ግን መልስ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም።

«የበልጉ ዝናብ ገባ!» ብላ ጮኸች። «በሬዎቹ ቆመው ይውላሉ! መሬታችን ጦሙን ሊያድር ነው! ዛሬ ይዤው ነው የምገባ በይኝ!»

እስከዳር ወደ አጥሩ ተጠግታ እውነቱን ነገረቻት። አቃቤ ሕጉ ምስክሮቹን ካሰማ በኋላ ዳኞቹ ብይን ይሰጣሉ። «ተከላከል» ካሉት ተዘዋዋሪው ችሎት ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ይታየው ወህኒ ይቀመጣል፤ ችሎቱ ደግሞ ከክረምት በፊት አይመለስም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድም የዓመታት እስራት ሊሆን ይችላል። ማስረጃው አይበቃም ካሉ ግን ሳይከላከል፣ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። ጥሩሸዋ ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀችና፣ «እንግዲያው አጥብቀሽ ያዢልኝ፤» አለቻት።

አዳራሹ ጢም አለ። የመሃል ዳኛው አቶ መርስዔ ኃዘን መነጽራቸውን አስተካክለው ሲቀመጡ ሳል እንኳ ጠፋ። አቃቤ ሕጉ ሰውነት ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉዳዩ ገና ሳይጀመር የተፈረደለት መስሎት ደረቱን ነፍቶ መቆሙ ብቻ ነው ጥፋቱ። ዳኜን ጠርቶ አስማለና ጠየቀው።

«በማግስቱ ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ አይደለም?»

እስከዳር ተስፈንጥራ ተነሳች። «ተቃውሞ አለኝ ክቡር ፍርድ ቤት! መሪ ጥያቄ ነው! ጥፋቱን አመነ የሚሉት አቃቤ ሕጉ እንጂ ምስክሩ አይደሉም!»

«ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ጥያቄው ይስተካከል፤» አሉ ዳኛው። ሕዝቡ እርስ በርሱ በክርን ተጎሻሸመ። ልጅቱ ትናገራለች! እስከዳር ጆሮዋ ሲግል ተሰማት፤ ደስታ ነበር።

ዳኜ ጠንካራ፣ ቁጥብ ሰው ነው። «ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ወደቀ። ማረኝ አለ። ማርሁት፤» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ተራው የእስከዳር ሆነ። «እሳቱን ሲለኩስ አይተዋል?» «አላየሁም።» «ያየ ሰው ነግሮዎታል?» «የለም።» እዚህ ላይ ብትቀመጥ ኖሮ! ግን ሞቅ ብሏት ነበርና ሞቅታ ደግሞ ምላስን ከልብ ያስቀድማል። «ታዲያ እሱ ነው የሚሉት በምን አውቀው ነው?»

«ካላቃጠለ ምን ቆርጦት ተሸከመው?» አለ ዳኜ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አንቺ ያላጠፋሽውን ማረኝ ትያለሽ?»

አዳራሹ «እህ!» አለ። ሰውነት ፈገግ አለ። እስከዳር ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ከአጠገቧ ይታየው ሊፈነዳ ደርሶ ይቁነጠነጣል። መልሱን የማታውቂውን ነገር በመስቀለኛ ጥያቄ አትጠይቂ ብሎ ያስተማራት መምህር ፊቱ ድቅን አለባት፤ በልቧ ስድብ ሰደበችው፤ ቀጥላ ራሷን ሰደበች።

ሁለተኛውና የመጨረሻው የአቃቤ ሕግ ምስክር አቶ ወንዳፈራሁ ነበሩ፤ ዕርቁን የመሩት ሽማግሌ። በወጣትነታቸው ከግሼ እስከ መርሐቤቴ ሙግት የገጠመው ሁሉ «ወንዳፈራሁ ይናገሩልኝ» የሚላቸው ነገረ ፈጅ ነበሩ ይባላል። ካባ የለበሱ ጠበቆች ከመጡ ወዲህ ግን አፋቸው ሥራ ፈትቷል። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆሙ።

«ተከሳሹ ድንጋይ ተሸክሞ አቶ ዳኜን ምሕረት ሲጠይቅ አይተዋል?» አለ ሰውነት።

«አይቻለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየ።»

«ጨርሻለሁ።»

እስከዳር ተነሳች። «አባቴ፣ ድንጋዩን ተሸከም ያለው ማን ነው?»

«እሱን እኔ አላነሳም።»

«ይታየው አጥፍቻለሁ ብሎ ነግሮዎታል?»

«እሱንም አላነሳም።»

«አባት፣» አሉ ዳኛው ወደፊት ዘንበል ብለው፣ «ምስክር የተጠየቀውን የመመለስ ግዴታ አለበት። እምቢ ካሉ ችሎት እንደደፈሩ ተቆጥሮ ይቀጣሉ።»

«ቅጡኝ ጌታዬ። የናንተ እስር ወህኒ በር ላይ ያልቃል፤ የቄስ ግዝት ግን ሰማይ ቤት ድረስ ይከተለኛል። የተቀበረ ነገር እኔ አላነሳም።» ይህን ብለው እስከዳርን ትክ ብለው አዩዋት። እምቢ የሚል ሰው አስተያየት አልነበረም፤ አንድ ነገር ጠብቀው የቀረባቸው ይመስሉ ነበር።

እስከዳር ነቃች። አላነሳም ይላሉ እንጂ አልመልስም አላሉም! ቀየት ላይ አባቷ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተቀምጠው የዱሮ ሙግት ሲጫወቱ የሚሉት ትዝ አላት፤ ተጠየቅ የተባለ ሰው ነገር አነሳ አይባልም፣ ነገሩ የጠያቂው ነው፣ መላሹን ግዝትም አይዘው። አባቷ ይህን ሲሉ እሷ ትስቅ ነበር። አሁን ምኗም አልሳቀም። ድንጋዩን ማን እንዳዘዘ አታውቅም፤ በእጇ ያለው «ሽማግሌ ሲያዝ ይታዘዛል» የምትል አንዲት የይታየው ቃል ብቻ ናት። ብትሳሳት የይታየውን በር ራሷ ቆልፋ ቁልፉን ለሰውነት ሰጠች ማለት ነው። ዝም ብትል ደግሞ ያው መቆለፉ አይቀርም። ወይ ዕድሌ! አለችና እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ አዳራሹ መሃል ወጣች።

«አባቴ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፣» አለች፤ ከዚያም ድምፅዋን እንደ አባቷ አስረዝማ ለቀቀችው።

«በላ ልበልሃ!
ደመና ሳይከብድ ዝናብ አይወርድ፣
ገብስ ሳይዘሩት ዛላ አይወልድ፣
ሽማግሌ ተጠይቆ ወደ ሐሰት አይሄድ፤
ድንጋይ በጫንቃው የተሸከመ፣
ሁሉም በደለኛ ነው ወይስ ሰላም ያለመ?
ተጠየቅ!»

አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ «ኧረ!» አለ። የልጅ ልጃቸው የምታህል ሴት ሽማግሌውን አንተ ብላ ተጠየቅ አለቻቸው! ሰውነት ከወንበሩ ብድግ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት! ይህ የሥነ ሥርዓት ሕጉ የማያውቀው አጠያየቅ ነው!»

አቶ መርስዔ ኃዘን ግራና ቀኝ ያሉትን ዳኞች አዩ፤ ከንፈራቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ሕጉ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርባል ይላል፤ በምን ዜማ ይቅረብ አይልም። ምስክሩ ይመልሱ።»

ምስክሩማ መች ቆመው ጠበቁ! ምርኩዛቸውን ለፖሊሱ አስይዘው ጋቢያቸውን እንደ ዱሮ ተሟጋች አደግድገዋል። ወገባቸው ቀንቷል። ዓይናቸው በርቷል።

«ልጠየቅ!» አሉ ግድግዳው እስኪያስተጋባ።
«ውሃ ሽቅብ አይፈስ፣
ሽማግሌ ቃሉን አይመልስ፤
ድንጋይ ያጠፋ ብቻ አይሸከመውም፣
ደም እንዳይፈስ የፈራም አይተወውም!»

ከዚያ ግጥሙን ትተው በእጃቸው አየሩን እየቆረጡ ነገሩን ዘረገፉት። «የዳኜ ወንድሞች ያን ሌሊት ምንሽር ጠብመንጃቸውን ሲወለውሉ አደሩ። ክምሩን ማን እንዳነደደው እነሱም አላወቁ፣ እኔም አላወቅሁ። የታወቀው ቂሙ ብቻ ነበር። ስለዚህ እኔ ወንዳፈራሁ ወደ ይታየው ቤት ሄድሁ። ‹ተነስና ድንጋይ ተሸከም፤ አለዚያ ነገ ሬሳ ልንቀብር ነው› አልሁት። ‹እኔ አላቃጠልሁም› አለኝ። ‹አቃጥለሃል መች አልሁህ! ተሸከም ነው ያልሁህ!› አልሁት። ተሸከመ። ምንሽሩም ወደ መስቀያው ተመለሰ።»

ጥሩሸዋ ከኋላ «እሰይ!» ብላ ጮኸችና በፖሊስ ተገሠጸች። ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሱም። አፍ ሥራ ከፈታ ብዙ ዓመቱ ነው፤ እንዲህ በቀላሉ አይከደንም።

«እኔ ራሴ ስንቱን ተሸክሜያለሁ! ያ ከኋላ የተቀመጠው ዳኜስ አልተሸከመም? ከወንዙ ማዶ የምትኖረው የይዘንጋሽ ልጅ ከገደል ወድቆ በሞተ ጊዜ መጨረሻ አብሮት የታየው ዳኜ ነበር። የልጁ ወገኖች ጠብመንጃ ሲያነሱ፣ ተሸከም አልነው፤ ተሸከመ። ገፍቶት ነው? ኧረ እሱስ በገመድ ወርዶ ሬሳውን ያወጣው ራሱ ነው!»

አዳራሹ ሁሉ አንገቱን ወደ ኋላ ጠመዘዘ። ዳኜ የበርኖሱን ጫፍ ወደ ዓይኑ ሳበ። እስከዳር በደስታዋ መሃል ፊቷ ቅጭም አለ። ሰው በራሱ ጫንቃ ያለፈውን በሌላው ጫንቃ ሲያየው ይረሳዋል ማለት ነው?

ሰውነት ተነሳ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! በድጋሚ ጥያቄ ምስክሩን የሚያናውጣቸው መስሎት፣ «ታዲያ ክምሩን ማን አቃጠለው?» አለ።

«እሱን ለማወቅ ደሞዝ የሚቆረጥልህ አንተ ነህ፣ ልጄ፤» አሉ አቶ ወንዳፈራሁ።

ሳቁ ከአዳራሹ አልፎ ገበያው ድረስ ተሰማ ይባላል። ዳኛው ጠረጴዛውን እየደበደቡ ዝም አሰኙ፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ነበረባቸው። ሰውነትን ለማድነቅ ያህል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላም ቀና ብሎ ተከራከረ። ሰው ያላጠፋውን ይቅር በሉኝ አይልምና ፍርድ ቤቱ ከድርጊቱ ተነስቶ ግምት ሊወስድ ይገባል አለ።

«ግምትማ ይወሰድ!» ብላ ተነሳች እስከዳር። «ግን ግምት ከሚታወቀው ወደማይታወቀው የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ ድልድዩ ደግሞ የአገሩን ልማድ መርገጥ አለበት። ድንጋዩ በመሃል ቂም እንዳለ ያሳያል፤ ተሸካሚው ክብሪት እንደጫረ አያሳይም። ይህን የሚሉት የአቃቤ ሕግ የራሳቸው ምስክር ናቸው። ከዚህ ወዲያ የሚቀረን ግምት አንድ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ የሰፈረው። ደንበኛዬ ንጹሕ ነው ተብሎ ወደዚህ ገብቷል። ይህን ያፈረሰ ማስረጃ ዛሬ አልሰማንም!»

ዳኞቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው ተንሾካሾኩ። ጥሩሸዋ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ትቆጥራለች፤ እስከዳር ደግሞ ካባዋን አጥብቃ ይዛለች።

«አቃቤ ሕግ በተከሳሹ ላይ እንደ ክሱ አላስረዳም፤» አሉ አቶ መርስዔ ኃዘን። «ስለዚህ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ እንዲሰናበት ብይን ሰጥተናል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይሰማል! እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጥሩሸዋ እስከዳርን አንገቷን አንቃ ሳመቻት፤ ካባዋ ከትከሻዋ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም። እስከዳር ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ የትኛውን እንደምታስቀድም አጥታ። ይታየው ብቻ ነው ቆሞ የቀረው። ፖሊሱ ሂድ ቢለውም አይንቀሳቀስም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣» አለ፣ «እኔስ መቼ ነው የምናገረው?»

«ተለቀሃል እኮ፤ መናገር አያስፈልግህም።»

«አንዲት ቃል እንኳ?»

እስከዳር ክንዱን ያዘችው። «ንጹሕ መሆንህን የመናገር ዕዳ የለብህም፤ ሕጉ ለዚህ ነው። ጨርሰናል፤ ና፣ ቤትህ ግባ።»

«ለፍርድ ቤቱ አልቋል፤» አለ ይታየው። ክንዱን በዝግታ አስለቅቆ፣ በሰዉ መሃል ሰንጥቆ፣ ዳኜ ፊት ቆመ። እልልታው እየሟሸሸ ሄዶ ጸጥ አለ። «ነገሩን ሽማግሌው በተጠየቅ መልሰውታል፤ ከእንግዲህ ግዝቱ አይዘኝም። ዳኜ፣ ክምርህን አላቃጠልሁም።»

ዳኜ በርኖሱን ከፊቱ ገልጦ ተነሳ።

«ያን ለት ይችን ብትለኝ ምን ነበረ?»

«ድንጋይ በጫንቃዬ ይዤ? የተሸከመ ሰው ከማረኝ ሌላ ምን ይላል?»

«አይልም፤» አለ ዳኜ። «እውነትህን ነው፤ አይልም።» ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። «እኔም ለይዘንጋሽ ይችን አላልኋትም።»

የይታየውን ትከሻ በእጁ ጨበጥ አድርጎ ለቀቀና ሕዝቡን እየገፋ ወጣ። ተቆጥቶ የሄደ የመሰለው ብዙ ነው። እስከዳርም ልቧ አላርፍ ብሎ በሩ ድረስ ተከተለችው። ዳኜ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ አልሄደም። ቁልቁለቱን ይዞ፣ ሩጫ በሚመስል እርምጃ፣ ወደ ወንዙ እየወረደ ነበር።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለች።

አቶ ወንዳፈራሁ ምርኩዛቸውን ከፖሊሱ እየተቀበሉ አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ይዘንጋሽ ቤት ነው፤» አሉ። «ወንዙ ሳይሞላ ይድረስ።»